ለግራጫ ቪትዝ አምስት ሻይ

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኘው የኪዳን ጋራዥ እንደ ጌታቸው ሻይ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በፊት ሦስት፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ራሱም አይቆጥረው። መጸዳጃ ቤቱ ከቀለም ክፍሉ ጀርባ ባይሆን ኖሮ ሥራ የሚሠራበት ሰዓት አይተርፈውም ነበር። ላሜራ ቀጥቃጩ ጉተማ፣ «ቲነር ቢያልቅም አንቸገርም፤ ጋሽ ጌታቸው አሉልን» እያለ ግቢውን ያስቅ ነበር።

የሻዩን ምሥጢር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ራሱ ጌታቸው፣ ሌላዋ በጋራዡ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ዘመነች። ምሥጢሩ ደግሞ ይህ ነው፦ የጋራዡ ብቸኛ ቀለም ቀማሚ ቀለም አያይም።

ጨርሶ አያይም ማለት አይደለም። ቀዩን ከአረንጓዴው ይለያል፤ ታክሲውን ከአምቡላንሱ ይለያል። የጠፋበት ስሱ ልዩነት ነው። የቀለም ቀማሚ እንጀራ ግን ያለው እዚያው ስሱ ልዩነት ላይ ነው። መኪና ተጋጭቶ ሲመጣ የሚቀባው አንድ በር ወይም አንድ መከላከያ ነው። ፋብሪካው የለጠፈበት ቁጥር የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ቀለም ነው። ዐሥር ዓመት የአዲስ አበባ ፀሐይ የመታው መኪና ግን ከዚያ ቀለም ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ስለዚህ ቀማሚው ከበሩ ጎን ያለውን አካል አይቶ፣ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ፣ ያንን ያረጀ ቀለም መውለድ አለበት። ጌታቸው ይህን ለሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ኖሯል። ከአራት ዓመት በፊት ግን ዓይኑ ላይ የሆነ ነገር ወረደበትና ዓለም ሁሉ በላብ በተበላሸ ካናቴራ ውስጥ የሚታይ መሰለ፤ ነጩ ቢጫ፣ ግራጫው ቡናማ።

በዚያው ሰሞን ዘመነች ሻይ ይዛ ቀለም ክፍሉ ገባች። ለአንድ ኮሮላ የቀመመውን ነጭ አየችና፣ «ይሄ እርጎ ነው። መኪናው ግን ወተት ነው» አለች።

«አንቺ ሻይሽን ሽጪ» አላት።

ከሰዓት በኋላ ባለኮሮላው መጣና እርጎውን ከወተቱ ለይቶ ጮኸ። ጌታቸው በማግስቱ ግን አዲስ ቀለም ሲጀምር ሻይ አዘዘ። ዘመነች ገብታ፣ ቀለሙን አይታ፣ መኪናውን አይታ፣ ብርጭቆውን ከሰማያዊው ጣሳ አጠገብ አስቀመጠችና ወጣች። እሱም ሰማያዊ ጨመረ። ልክ መጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ። ብርጭቆው ከየትኛው ጣሳ አጠገብ ከተቀመጠ የጎደለው እሱ ነው፤ ከመቀመሚያው ዕቃ ክዳን አጠገብ ከተቀመጠ በቅቷል ማለት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ዘመነች ብርጭቆ ስትሰበስብ፣ «ሞራ ነው። የአክስቴ ባል ተገፎለት ይኸው ዛሬ የሰው ጉድፍ ሁሉ ያያል» ብላ ነበር።

ጌታቸው ሐኪም ቤት አልሄደም። ሐኪም ቤት ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱን ደግሞ የሚያነበው የጋራዡ ባለቤት ኪዳን ነው። ዓይኑ ታሟል የሚል ወረቀት የያዘ ቀለም ቀማሚ መሪ እንደሌለው መኪና ነው፤ ለመለዋወጫ ይፈታታል እንጂ ማንም አይነዳውም። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከዚህ ጋራዥ ቢወጣ ሌላ ቦታ የሚያስገባው እንደሌለ ያውቃል።

እንዲህ ተከድኖ ሲበስል የኖረውን ድስት የከፈተችው ማራኪ ናት።

ማራኪ የኪዳን የመጀመሪያ ልጅ ናት። በማኔጅመንት ተመርቃ የአባቷን ቢሮ ከያዘች ሰባት ወሯ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፋቷ ስብሰባ መውደዷ ብቻ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን የእውቀት አስተዳደር ሥልጠና ወስዳ፣ ሰርተፊኬትና የሆቴሉን እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

«ቀራንዮ ላይ ሁለተኛ ጋራዥ እየከፈትን ነው» አለች። «እዚህ የምታውቁትን እዚያ ያሉትም ማወቅ አለባቸው። እውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከቀረ የድርጅቱ ሀብት አይደለም።»

«ጭንቅላቱስ የማን ነው?» አለ ጉተማ።

«የአንተ ነው።»

«ተመስገን። እሱንም ያስረከብኩ መስሎኝ ነበር።»

በዚያው ቀን «የእውቀት ባንክ» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያውቀውን እንዲያስቀምጥበት ታዘዘ። ባንኩም ሥራውን ጀመረ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኤልያብ በየማለዳው ጥቅስ ይለጥፋል፤ ከሥሩ አሜን ይደረደራል። ጉተማ የኳስ ውጤት ያስገባል። የዘበኛው ወንድም መታወቂያ ጠፍቶበት እሱም ተለጠፈ። አንድ ቀን ኤልያብ የተቃጠለ ሽቦ ያለ መሣሪያ እንዴት እንደሚገኝ በጣም የሚጠቅም ጽሑፍ ጻፈ። ግን ቀኑ ሃያ ሰባት ስለነበረ የመድኃኔዓለም የእንኳን አደረሳችሁ ሥዕል ከላይ እየተጫነ ጽሑፉን ቀበረው። ኤልያብ ጴንጤ ስለሆነ ጉተማ ነገሩን እንደ ፈጣሪ ፍርድ ቆጠረው።

ማራኪ ተስፋ የምትቆርጥ ልጅ አይደለችም። አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጅታ በየሰዉ ስልክ ላከች። ምን ታውቃለህ? እንዴት አወቅከው? ለማን አስተማርከው? ሲቸግርህ ማንን ትጠይቃለህ?

ጉተማ ለመጀመሪያው «ላሜራ መምታት» ብሎ፣ ለሁለተኛው «ተመትቼ» ብሎ ሞላ። ኤልያብ ለመጨረሻው «መንፈስ ቅዱስን» ብሎ ጻፈ። ማራኪም ከሥሩ፣ «እባክህ በድርጅቱ ውስጥ ያለ ሰው ጥቀስ» ስትል መለሰችለት።

የጌታቸው ቅጽ ባዶውን ተመለሰ። ማራኪ ወረቀት ይዛ ቀለም ክፍሉ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ምንም የለበትም።»

«ሙያ በልብ ነው ልጄ።»

«ልቡ ድንገት ቢቆምስ?»

«ያኔ እኔም የለሁ። ማንን ትጠይቂያለሽ?»

«ችግሩስ እሱ አይደል እንዴ ጋሼ?»

ልጅቷ ልክ ናት። ጌታቸውን ያናደደውም ልክ መሆኗ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኪዳን ራሱ መጣ። እሱና ጌታቸው በወጣትነታቸው በአንድ ጋራዥ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ ያደጉ ናቸው። አንዱ ጋራዥ ከፈተ፤ ሌላው እዚያው ቀለም ላይ ቀረ።

«ቪዲዮ ብቻ ነው» አለ ኪዳን። «ሐሙስ አንድ ቀለም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትቀምም ትቀርጽሃለች። ቀራንዮ የምንልከው ሰው አይቶ ይሠራል።»

«ለቪዲዮ የሚሆን ፊት የለኝም።»

«ፊትህን ማን ፈለገው? እጅህን ነው።»

እምቢ ቢል ለምን ይባላል። ጌታቸው እሺ አለና ወደ በሩ ወጣ። ዘመነች ምድጃዋ ላይ ጎንበስ ብላ ፍም ታራግባለች።

«ሐሙስ ጠዋት ሻይ እፈልጋለሁ» አላት።

«የማይፈልጉበት ቀን አለ እንዴ?»

«ብዙ ነው የምፈልገው። እስኪበቃ።»

ዘመነች ቀና ብላ አየችው። «ሊቀርጹዎ ነው አሉ።»

«ሊቀርጹኝ ነው።»

«እኔም እገባለሁ ማለት ነው?»

«እጅሽ ብቻ።»

«እንግዲያው ጥፍሬን ልቀባ» አለችና ማራገቧን ቀጠለች።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መከላከያው የተገጨ አንድ ግራጫ ቪትዝ ቀለም ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ኤልያብ ስልክ ይዞ ይቀርጻል። ማራኪ አጠገቡ ቆማ ትጽፋለች። ጌታቸው የፋብሪካውን ቁጥር ተከትሎ መነሻውን ሚዛን ላይ አዘጋጀ፤ እስከዚያ ድረስ ዓይን አይጠይቅም። ከዚያ ማማሰያውን አነሣና ግራጫ መሆኑን በእምነት ብቻ የሚያውቀውን ነገር እያማሰለ ጠበቀ። የቀለም ክፍሉ መጋረጃ ተገለጠ። የዘመነች ቀይ ጥፍር የሻይ ብርጭቆ ይዞ ገባና ከጥቁሩ ጣሳ አጠገብ አስቀመጠ። ጌታቸው ሻዩን ፉት አለ፤ ጥቁር ሁለት ጠብታ ጨመረ። ሁለተኛው ብርጭቆ ከብሩ ቀለም ጣሳ አጠገብ አረፈ። ሦስተኛው እንደገና ከብሩ።

«ጋሼ፣ ሻዩን ትንሽ ብናቆየው አይሻልም?» አለች ማራኪ በሹክሹክታ። «ቪዲዮው ላይ ይበዛል።»

«ያለ ሻይ እጄ አይታዘዝም።»

ማራኪ አንገቷን ነቀነቀችና ጻፈችው።

አራተኛው ሰማያዊ ሆነ። አምስተኛው ብርጭቆ ከክዳኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጌታቸውም እጁን ጠረገ። ቀለሙ ሲረጭ አዲስ የተቀባው መከላከያ ከቪትዙ ጋር አብሮ የተወለደ መሰለ። ኤልያብ ስልኩን ይዞ ማጨብጨብ ስላልቻለ እግሩን መሬት ላይ መታ።

ማታውኑ ግሩፑ ላይ ጽሑፉ ከነቪዲዮው ወጣ። ርዕሱ «የቀለም አቀማመም፣ ደረጃ በደረጃ» ይላል። ደረጃ አራት፦ አንድ ሻይ መጠጣት፤ ወዲያው ጥቁር ሁለት ጠብታ። ደረጃ አምስት፦ ሁለተኛ ሻይ፤ ብር ስድስት ጠብታ። እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛው ሻይ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ፣ «ማሳሰቢያ፦ ሻዩ ዓይን ለማሳረፍና እጅ ለማረጋጋት ስለሆነ ትኩስ መሆን አለበት» ይላል።

ጉተማ ከሥሩ፣ «ስኳሩ ስንት ማንኪያ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ማራኪ፣ «ሁለት» ብላ መለሰች።

ጌታቸው ቤቱ ተቀምጦ ይህን ሲያነብ እስኪያስለው ሳቀ። የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ደስ ብሎት ሠራ። ተጽፎ፣ ተቀርጾ፣ በባለቤቱ ልጅ ተመስክሮለታል። ከእንግዲህ በዓይኑ የሚጠረጥረው የለም። ሰው የራሱ ውሸት ታትሞ ሲያየው ራሱም ግማሹን ማመን ይጀምራል፤ ጌታቸውም አልፎ አልፎ፣ ሻዩ በእርግጥ ሳይጠቅመኝ አይቀርም ይል ጀመር።

ቀራንዮ ለቀማሚነት የተላከው ሮቤራ ነው። ሮቤራ ሰላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በጌታቸው ሥር ለስድስት ዓመት ቀለም ሲረጭ ኖሯል። ቀማሚ ሆነህ ትሄዳለህ ሲባል ሚስቱን ይዞ ቀራንዮ ቤት ተከራየ፤ ለጌታቸውም ስልክ ደውሎ፣ «ይህ የእርስዎ ነው» ብሎ አመሰገነው። ጌታቸው ያን ቀን ቶሎ ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀራንዮ የተቀባ ሌላ ግራጫ ቪትዝ ወደ ጋራዡ ግቢ እየበረረ ገባ። ከውስጡ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት ወይዘሮ ፋሪዳ ወረደች። ኪዳንንና ማራኪን ከቢሮ አስጠራች። ሮቤራ በታክሲ ተከትሏት ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ጌታቸውም ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ።

«ይህ በር የማን ነው?» አለች ፋሪዳ፣ የግራውን በር እያሳየች።

«የእርስዎ ነው» አለ ኪዳን።

«የእኔማ ግራጫ ነበር። ይሄ የጎረቤት በር ነው። ዛሬ ጠዋት ባሌ የሰው መኪና ይዘሽ መጣሽ አለኝ።»

ጌታቸው በሩን አየ። ለእሱ ከሌላው አካል ጋር አንድ ነው። የሁሉም ሰው ፊት ግን አንድ እንዳልሆነ ነገረው።

ማራኪ ከስልኳ ላይ ጽሑፉን ከፈተች። «ሮቤራ፣ ደረጃዎቹን ተከትለሃል?»

«አንድ በአንድ።»

«ሻዩንስ?»

«አምስቱንም ጠጥቻለሁ።»

«ትኩስ ነበር?»

«ምላሴ ተቃጥሏል።»

«ስኳሩስ?»

«ሁለት ሁለት።»

ፋሪዳ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «መኪናዬን የሠራችሁት በሻይ ነው?»

ጉተማ ዞር ብሎ ግድግዳ ማየት ጀመረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

ኪዳን አልሳቀም። «ቪዲዮ ተሰጥቶሃል» አለ ለሮቤራ። «ጽሑፍ ተሰጥቶሃል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልህ? ችሎታው የለህም ማለት ነው። ሰኞ ዕቃውን አስረክብ።»

ሮቤራ ወደ ጌታቸው ዞረ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም፤ የምር ማወቅ ነው የፈለገው።

«ጋሽ ጌታቸው፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

የጌታቸው አፍ ውስጥ መልስ ነበር። ልምድ ይጠይቃል፣ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ሙያ እንዲህ በአንድ ቀን አይገኝም። ሽማግሌ ባለሙያ እንዲህ ሲል ማንም ለምን አይለውም። ሮቤራ ሰኞ ዕቃ ያስረክባል፤ ጌታቸው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አፉን ከፈተ። ሮቤራ ግን ትምህርት እንደሚቀበል ሰው ስልኩን አውጥቶ ለመጻፍ አዘጋጅቶ ነበር።

«ሻዩ አይደለም» አለ ጌታቸው።

«እ?» አለች ማራኪ።

«ሻዩ ምንም አይሠራም። ሻዩን የምታመጣዋ ናት።»

ጌታቸው ከጀመረ አይቀር ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ እርጎውና ስለ ወተቱ፣ ብርጭቆው የት ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዓይኑ ላይ ስለወረደው ነገር። እየተናገረ ያየው የጫማውን ጫፍ ነው። ሲጨርስ መጀመሪያ የተናገረው ጉተማ ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሽንት ቤት ሲመላለሱ የነበረው ለእኛ ሲሉ ነው?»

«ዝም በል አንተ» አለ ኪዳን። ወደ ጌታቸው ቀረበ። «አራት ዓመት ሙሉ?»

«ከሁለት ወር ጋር።»

«አራት ዓመት ሙሉ አንተ ምን ስትሠራ ነበር?»

«እሷ የምትለውን።»

ኪዳን ወደ ግቢው በር ዞሮ፣ «ዘመነች!» ብሎ ተጣራ።

ዘመነች እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ምን እንደተፈጠረ አልጠየቀችም። የሰዉን ፊት አየች፣ የመኪናውን በር አየች።

«ይሄማ ጭቃ ሆኗል» አለች። «ጥቁር በዝቶበታል። ብሩ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።»

«ቪዲዮው ላይ ጥቁር ሁለት ነው የሚለው» አለ ሮቤራ።

«የዚያ ቪትዝ ነዋ። ያኛው ጥላ ሥር የሚውል ነበር፤ ይሄ ፀሐይ የበላው ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አየሁታ።»

«እኔም አያለሁ እኮ።»

«አንተማ ስልክህን ነበር የምታየው» አለችው።

ማራኪ ቪዲዮውን የያዘውን ስልኳን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች።

ኪዳን ቀለም እንዲወጣ አዘዘ። ጠረጴዛውና ጣሳዎቹ ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ ተደረደሩ። ማራኪ መጀመሪያ ዘመነች ብቻዋን እንድትሠራው ፈለገች። ዘመነች ብሩን አንሥታ ወጥ ላይ ውኃ እንደሚጨምር ሰው አዘነበለችው፤ ጣሳው ሙሉ ተበላሸ።

«ጠብታ አልኩሽ እኮ» አለች ማራኪ።

«እኔ በጠብታ የሚሠራ ነገር ሠርቼ አላውቅም» አለች ዘመነች።

ጌታቸው ሳይጠራ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አዲስ መነሻ ሚዛን ላይ አዘጋጀ። እጁ የለመደውን ያውቃል፤ ምን ያህል ብር ምን ያህል እንደሚያበራ፣ አንድ ጠብታ ጥቁር ሙሉ ጣሳ እንዴት እንደሚያጠፋ። ያ አልጠፋበትም። ሮቤራ ስልኩን ሳያወጣ ከአጠገባቸው መጥቶ ቆመና አንዴ በሩን፣ አንዴ ጣሳውን ያይ ጀመር። ጌታቸው ይህን ሲያይ ገባው፤ የሮቤራ ዓይን ጤነኛ ነው። ከዚች ሴት ጎን አንድ ክረምት ከቆመ ማንንም አይፈልግም።

«አንተ ሰኞ ሐኪም ቤት ሂድ» አለው ኪዳን ከኋላው። ድምፁ ተቆጥቷል ወይስ አልተቆጣም ለመለየት ያስቸግራል። «ስለ ሥራው ደግሞ ሰኞውኑ ማታ ቢሮ እንነጋገራለን። ሦስታችሁም ኑ።»

«እኔ ሰኞ ገበያ ነኝ» አለች ዘመነች። «ማክሰኞ ይሁን። እሱም ከአምስት ሰዓት በኋላ፤ ጠዋት ደንበኛ አለብኝ። ደግሞ እዚህ ውስጥ ካስገባችሁኝ ምድጃዬም አብሮኝ ይገባል።»

ኪዳን በሕይወቱ ለሠራተኛ ቀጠሮ ቀይሮ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ማራኪን አየ። ማራኪ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እሺ፣ ማክሰኞ» አለ።

ጌታቸው ማክሰኞ ምን እንደሚወሰንበት አያውቅም። ፋሪዳ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ በሩ ይጠብቃል። ማማሰያውን አዞረና ቀና ሳይል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አሁን ምን ልጨምር ዘመነች?» ብሎ ጠየቀ።

ዘመነች ጎንበስ አለች፤ ሮቤራም አብሯት ጎንበስ አለ።

«ሰማያዊ» አለች። «ትንሽ። ከዚያም ያነሰ።»